የወደቅህበትን ቦታ ንገረኝ

ጆሃንስበርግ፣ የማዕድን ሠራተኞች ግቢ
ጁን 1917

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለኖማጉጉ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? አባባስ? ላሞቹስ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር፣ አባቶቻችን ይመስገኑ፣ ምንም አልሆንኩም። ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን በማጥፋቴ ደግሞ ይቅርታዬ ከሰላምታዬ ይበልጣል።

እውነት ሞተሃል ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ እትዬ፣ ሞቻለሁ። ፒኬሌላ አልዋሸም። ያ ጎረቤታችን ለዕረፍት አገር ሲገባ ምላሱን ማዕድኑ ውስጥ ጥሎ ቢገባ በወደድኩ ነበር፤ ግን አልዋሸም። ብቻ አትደንግጪ፤ ከሞትኩ በኋላ አንድ ሳህን ሙሉ የበቆሎ ገንፎ ከነሥጋው በልቻለሁ። ከኔ ጋር የሞቱትም ሁሉ ግጥም አድርገው በልተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ እሑድ ማዕድኑ ሲያርፍ የሚንቀሳቀስ ሥዕል የሚያነሱ ነጮች ይመጡና ከግቢው ሰብስበው ከከተማ ውጭ ወዳለ ሜዳ ይወስዱናል። ሥዕሉ አያቶቻችን ከእንግሊዝ ጋር የተዋጉት የድሮው ጦርነት ነው። ኮረብታ ላይ ጥቂት ቀይ ለባሽ ወታደሮች አሉ፤ እኛ ደግሞ ጋሻና ጦር ይዘን ከሥር እንመጣለን፣ እንሞታለን፣ ምሳ እንበላለን። በሥዕሉ ሁላችንም ዙሉ ነን። ዙሉዎቹ እነማን እንደሆኑ ብታዪ! ከጎኔ የሚሮጠው ሴኢሶ የሚባል የባሱቶ ሰው ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ሻንጋን፣ ከሱ ቀጥሎ ምፖንዶ። እውነተኛ ዙሉ ስትፈልጊ እኔና ሁለት ምሥኪኖች ብቻ ነን፤ ያውም ከኋላ። ንጉሣችን ደግሞ ነጭ ነው። ፊቱን በጥላሸትና በስብ ለቅልቆ የነብር ቆዳ አጥልቆ ይመጣል። ባለፈው እሑድ ጠራኝና ዙሉ እንዴት እንደሚራመድ አሳየኝ። እኔን! እሺ ጌታዬ ብዬ እንዳሳየኝ ስራመድ ሴኢሶ፣ «ወንድሜ፣ እግርህን እሾህ ወጋው እንዴ?» አለኝ።

አያታችንን በስሙ ጠርተኸዋል ወይ ላልሽው ግን፣ ፒኬሌላ ይህን ከየት እንዳመጣው እንጃ። ጩኸት ነበር፣ ጭስ ነበር። ሰው ጭስ ውስጥ ሆኖ ምን እንደሚል ማን ያውቃል? ለመሆኑ ይህን ለአባባ ነግራችሁታል? ምን አለ?

ወንድምሽ ምባንጌኒ


ዙሉላንድ፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት
ጁላይ 1917

ይድረስ ለወንድም ዓለም ለምባንጌኒ፣

እንደምን አለህ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው እንጂ ደህና አይደለንም።

ደብዳቤህን ሳነብ ስቄ፣ አንብቤ ስጨርስ ተናድጄብሃለሁ። አባባ ምን አለ ላልከኝ፣ ፒኬሌላ ሲያወራ እስከ መጨረሻው ሰማና ለመቆም ሞከረ፤ እግሩ እምቢ ሲለው ተመልሶ ተቀመጠ። እግሩ ካበጠ ቆይቷል። ከማሽላው አጨዳ በፊት ጀምሮ ነው፤ እንዳትጨነቅ ብዬ ነበር ያልጻፍኩልህ። አሁን ግን ልንገርህ፤ እንቅልፍ አጥቷል። «በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ግቡ በሉት እንጂ» ይለናል። እንወጣለን፤ ማንም የለም። ይህን ማለት የጀመረው ፒኬሌላ ከመምጣቱ በፊት ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ አስተማሪም ነኝ፤ ምን ማመን እንዳለብኝ ግን ግራ ገብቶኛል።

አጎቶቻችን ወደ አዋቂዋ ሄደው ነበር። «ከቤታችሁ የወጣ ሰው ተጠርቶ መጥቷል፤ የጠራው ግን ትቶት ሄዷል» ብላ መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ነው ፒኬሌላ መጥቶ፣ ምባንጌኒ ሲወድቅ «ንዳባንኩሉ!» ብሎ ሲጮኽ በጆሮዬ ሰማሁ ያለው። አሁን የኛን ሁኔታ አስበው።

አንተ ልጅ ሆነህ ስለሄድክ ነገሩን በደንብ ላታውቀው ትችላለህ። አያታችን ንዳባንኩሉ ሲዘምት አባባ በእናቱ ሆድ ውስጥ ነበር። አያታችን ከቤት ሲወጣ ሚስቱ በቀልድ፣ «ባዶ እጅህን እንዳትመጣ፤ ከነዚያ ሰዎች ቀይ ኮት ገፍፈህልኝ ና» ብላዋለች። የሌሎቹ ባሎች ኮት ለብሰው ሲመለሱ እሷ ደጅ ላይ ቆማ ቀረች። እስክትሞት ድረስ፣ «ምን አፌን ያዘኝ! እኔ ባልለው ወደ ኋላ ይል ነበር» ስትል ኖረች። የት እንደወደቀ የሚያውቅ አልተገኘም። ያዩት ሁሉ አብረውት ወድቀዋል። የወደቀበት ካልታወቀ ደግሞ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ሄዶ፣ ና ወደ ቤትህ ብሎ መንፈሱን በቅርንጫፉ የሚያመጣው የለም። አባባ የአባቱን ፊት ሳያይ ተወለደ፤ ሳያስገባው የልጆች አባት ሆነ። ሳያስገባው መሞት አይፈልግም። ሌላ ምንም አይፈልግም፣ ምባንጌኒ።

ስለዚህ ቀልድህን አቆየውና መልስልኝ። ጠርተኸው ከሆነ የመጣው ወደጠራህበት ነው። የወደቅህበትን ቦታ ንገረኝ።

እህትህ ኖማጉጉ


ጆሃንስበርግ
ኦገስት 1917

ይድረስ ለእትዬ ኖማጉጉ፣

ሰላምታዬ ካለሁበት ይድረስሽ። ስለ አባባ የጻፍሽውን አንብቤ ሁለት ቀን ገንፎ አልወርድልህ አለኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ቀልዴንም ይቅር በይኝ። ከቀልድ ሌላ በእጄ የቀረ ነገር ስለሌለ ነው።

ቦታውን ብነግርሽ ደስታውን አልችለውም ነበር። ችግሩ ያልወደቅሁበት ቦታ የለም። የሥዕሉ አዛዥ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ጡሩምባ አፉ ላይ አድርጎ የሚጮኽ ሰው ነው፤ ስሙን ጡሩምባው ብለነዋል። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር እወድቃለሁ፤ «ቆንጆ!» ይላል። ተነስቼ አቧራዬን ሳራግፍ «እንደገና!» ይላል። ደግሞ ከኩይሳው አጠገብ እወድቃለሁ። ደግሞ ከደረቁ ጅረት ውስጥ። አንዳንዱ ሰው መሞት ጥሞት ገና ተኩስ ሳይጀመር ይወድቃል። ከምፖንዶዎቹ አንዱ አዛውንት ደግሞ በፊቱ የሚደፋ ሐዘንተኛ ነው፣ ሚስቴ አልሞተችብኝም፣ ምኔን አዝኜ ብሎ እምቢ አለ፤ ጭራሽ ቆሞ ሞተ። አስቢው፤ ጭሱ ሲገለጥ መቶ ሰው ተዘርግቷል፣ አንድ ሽማግሌ ጋሻውን ተደግፎ ሱረቱን ያሸታል።

ስሙን ጠርቼው ከሆነ ከኩይሳው አጠገብ ይሆናል። ወይ ከጅረቱ። እንጃ። ሴኢሶን ብጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እኔም እዚያው ወድቄያለሁ። አያትህን ስትጠራ እኔን በስህተት ቀላቅለህ ዙሉላንድ እንዳትወስደኝ። የናንተን ገንፎ አልችለውም።»

አንድ ሐሳብ ግን አለኝ። ሥዕሉ ተሠርቶ ሲያልቅ ደርባን መምጣቱ አይቀርም። ማምኪዜ አክስታችን ከምትኖርበት ሰፈር ሕንዶቹ የከፈቱት፣ ባዮስኮፕ የሚሉት የሚንቀሳቀስ ሥዕል ማሳያ አለ፤ እኛንም ያስገባሉ ይባላል። ሥዕሉን አይተሽ የወደቅሁበትን አንቺው ትነግሪኛለሽ። ማሽኑ እንደኔ አይረሳም።

ሌላም ልነግርሽ የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ግን ወረቀቱ አለቀብኝ።

ወንድምሽ


ደርባን፣ ከአክስታችን ከማምኪዜ ቤት
ዲሴምበር 1917

ይድረስ ለምባንጌኒ፣

እንደምን ከረምክ? ማምኪዜ ሰላም ብላሃለች፤ ከስተሃል ትላለች። ያየችህ ሥዕል ላይ ነው።

በመጀመሪያ፣ ወረቀቱ አለቀብኝ ብለህ የጻፍክበት ወረቀት ግማሹ ባዶ ነው። አስተማሪ መሆኔን ረስተኸዋል። የዚያን ጊዜ ዝም ያልኩህ ልታስብበት ጊዜ ልስጥህ ብዬ ነው።

ሥዕሉን አይቼዋለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋግሜ ስለገባሁ በር ጠባቂው ሕንድ፣ «እመቤቴ፣ ባልሽ አለበት እንዴ?» አለኝ። ወንድሜ አለበት፣ አያቴም ሳይኖርበት አይቀርም አልኩት። ከዚያ በኋላ ሊያናግረኝ አልደፈረም።

ምን ልበልህ? ገብቼ ከወጣሁ በኋላ ከመግባቴ በፊት የማውቀውን ሁሉ አላውቀውም። ሥዕሉ ድምፅ ስለሌለው ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይዘጋሉ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ይመጣል። ፊት ለፊት አንድ ጸሐፊ ቆሞ በዙሉ ያነብልናል፤ ማንበቡን እንጃ! ጽሑፉ «አረመኔዎቹ በፍርሃት ሸሹ» ሲል እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ጀግኖቻችን ምሳ ሊበሉ ዞር አሉ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ያንን ለቅልቆ የመጣውን ንጉሥ ሲያዩማ አንዷ ሴትዮ፣ «ኧረ ይኼን ሰውዬ ፊቱን አጥቡት፣ ዓይኑ ውስጥ ሊገባ ነው!» ብላ ጮኸች። እኔም ስቄያለሁ። ወዲያው ደግሞ አያቶቻችን የሞቱበት ነገር መሆኑ ትዝ አለኝና በመሳቄ አፈርኩ። ከጎኔ የነበሩት አንድ አዛውንት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያለቀሱ ነው ያዩት። ለማን እንደሚያለቅሱ ልጠይቃቸው አልቻልኩም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ከቁርቁራው ዛፍ ሥር ደረትህን ይዘህ መውደቅ ትጀምራለህ። መሬት የምትደርሰው ግን ጅረቱ ውስጥ ነው! ወንድሜ፣ ዛፉ ሌላ ቦታ፣ ጅረቱ ሌላ ቦታ፤ በመካከሉ አየር ላይ ስንት ሜዳ አቋረጥክ? ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ከሞትክ በኋላ እንደገና ትሮጣለህ። ቆራርጠው እንደፈለጉ ሰፍተውታል። ማሽኑ አይረሳም ብለኸኝ ነበር፤ አለመርሳቱ ምን ጠቀመኝ? ይዋሻል።

ሌላም አየሁ። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማምኪዜም እንኳ።

ሥዕሉ ቀለም የለውም። ቀዩ ኮት፣ ሣሩ፣ ሰማዩ፣ ደሙ፣ ሁሉም አመድ ነው። ወታደርና ዙሉ የሚለየው በባርኔጣውና በፊቱ ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ፣ ኮረብታው ጫፍ፣ ለምሽግ ከተደረደሩት ጆንያዎች ጀርባ ተንበርክከው የሚተኩሱ ወታደሮች ይታያሉ። ከሩቅ ናቸው። አንዱ ሲተኩስ ቆይቶ ድንገት ብድግ ይላል፤ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ይጮኻል፣ ከዚያ ይወድቃል። ግራ እጁን ከሥሩ አጥፎ ነው የሚወድቀው። ልጅ ሆነህ ከበሬው ጀርባ በወደቅህ ጊዜ ያቺ እጅህ ተሰብራ በደንብ እንዳልገጠመች የማውቀው እኔ ነኝ። ያሰርኩልህ እኔ ነበርኩ። ያ ሰው ፊቱ ነጭ ነው። አወዳደቁ ግን ያንተ ነው።

ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሁለተኛ ገባሁ። ሦስተኛም ገባሁ። አሁን ባዶ የተውከውን ግማሽ ወረቀት ሙላልኝ።

ኖማጉጉ


ጆሃንስበርግ
ጃንዋሪ 1918

ይድረስ ለእትዬ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ለአባባ ሰላም በዪልኝ ለማለት አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ዘልዬዋለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

የዚያን እሑድ ወታደር የሆኑት ነጮች ለምሳ እንደወጡ ቀሩ። ደህና ደህናው ሰው ፈረንሳይ አገር ለጦርነት ሄዷል፤ የቀሩት ደግሞ ጠርሙስ የሚወዱ ናቸው። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ጡሩምባው ፀጉሩን ይነጫል። በመጨረሻ ከኛ መካከል ቀጠን ቀጠን ያልነውን ለየና ፊታችንንና እጃችንን ዱቄት አስቀቡን፣ ኮትና ባርኔጣ አደሉን። «ከሩቅ ማን ያያል!» አለ። ሳቅን እኮ! እርስ በርሳችን «ደህና ዋልክ ጌታዬ» ተባባልን። ጠዋት በዙሉነቴ የሞትኩ ሰው ከሰዓት በኋላ እንግሊዝ ሆኜ ራሴን ልገድል ከጆንያ ጀርባ ተንበረከኩ።

ጠመንጃው ጥይት የለውም፤ ጭስ ብቻ ነው። ሴኢሶ ጋሻውን ይዞ ከሥር እየሮጠ መጣ። ፉከራችንን ስለማያውቅ የባሱቶ የከብት ዘፈን ነው የሚዘፍነው። አነጣጠርኩበት። በዚያ ብረት አሻግሬ ሳየው ደረቱ ራቁት ነው፣ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እየቀረበ ነው። ሳቄ የት እንደገባ አላውቅም። የአያታችንን ፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ሰው እንዲህ ተንበርክኮ ነበር አልኩ። አባባ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘውን ፊት ያ ሰው አየው፤ አይቶም ተኮሰ። አሁን እኔ የተንበረከክሁት በሱ ቦታ ነው።

ከዚያ ስሙ ከአፌ ወጣ። ላስጠነቅቀው ነው? ይቅርታ ልጠይቀው ነው? ልገድለው ነው? አላውቅም እትዬ፤ እስካሁንም አላውቅም። እንደ ልጅ ልጁ ይሁን እንደ ገዳዩ የጠራሁት ለይቶልኝ አያውቅም። ብድግ አልኩ፤ ጡሩምባው «አንተ፣ ተመተሃል፣ ውደቅ!» አለ፤ ወደቅሁ። እጄ እንደልማዷ ከሥሬ ገባች። ፒኬሌላ ከታች ጭሱ ውስጥ ነበር፤ ድምፄን ለየው እንጂ ኮቴን አላየም።

ስለ ዛፉና ስለ ኩይሳው የጻፍኩልሽ ሁሉ እውነት ነው፤ ወድቄያለሁ። ስሙን የጠራሁት ግን እዚያ አይደለም። አፈርኩ። የጠላቱን ኮት ለብሼ፣ ፊቴን ዱቄት ተቀብቼ ጠራሁት ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?

ስለዚህ ቅርንጫፉን የሚይዝ ሌላ ሰው ፈልጉ። የአጎታችን ልጅ ይምጣ፤ ኮረብታውን አሳየዋለሁ። እኔ አይገባኝም። ይህን ደብዳቤ ለአባባ እንዳታነቢለት፤ በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ።

ምባንጌኒ


ዙሉላንድ፣ ሚሲዮኑ
ፌብሩዋሪ 1918

ይድረስ ለወንድሜ ለምባንጌኒ፣

አነበብኩለት። ይቅርታ አልጠይቅህም።

ላነብለት አስቤ አልነበረም። ደብዳቤህን ይዤ ደጅ ተቀምጬ ሳለቅስ አየኝና፣ «ሞተ?» አለኝ። አልሞተም አልኩት። «እንግዲያው አንብቢው» አለኝ። ከላይ እስከ ታች አነበብኩለት፤ የጠርሙሱንም፣ የዱቄቱንም፣ የከብት ዘፈኑንም።

ውሎ እስኪመሽ እርጎ እንኳ አልቀመሰም። ገደልኩት ብዬ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጠራኝና፣ «ቀይ ነበር?» አለኝ።

«ምኑ አባባ?»

«ኮቱ ነዋ! ሥዕሉ አመድ ነው ብለሽኝ አልነበር? ልጁ የለበሰው፣ የእውነቱ ኮት፣ ቀይ ነበር?»

ቀይ ነው አልኩት። ምባንጌኒ፣ አባታችን ሳቀ። እግሩ ካበጠ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እየሳቀ እንባው ወረደ፤ እኔም የትኛውን እንደማጅበው ቸገረኝ። «እናቴ ያን ኮት ስትጠብቅ ሞተች» አለኝ። «አባቴ እኮ ያን ኮት ሊገፍፍ እየሮጠ ነው የወደቀው። ልጁ ለብሶ ከጠራው፣ ኮቱን አይቶ የማይመጣው ለምንድን ነው? የመጣው ለዛፉ መሰላችሁ? ለኮቱ ነው የመጣው! በዪ ጻፊለት፤ አንተ ጅል፣ አያትህ ሲጠራህ ትሸሻለህ ወይ በዪው።»

ጻፍኩልህ፤ አንተ ጅል።

እኔም አንድ ነገር ታየኝ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ዙሉው ሁሉ ከዛፍ ወደ ጅረት፣ ከጅረት ወደ ኩይሳ ሲበተን፣ ወታደሮቹ ከጆንያዎቹ ጀርባ ንቅንቅ አላሉም። ያ ቦታ አንድ ነው። እንዲህ ግራ ያጋባን የወደቅህበት ቦታ መጨረሻ ላይ ያው አንተ የደበቅኸው ሆኖ ተገኘ።

ቅርንጫፉን አባባ ራሱ ቆርጦታል። ደግፌው እስከ ቁርቁራው ሄደን፣ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። ፒኬሌላ ይዞልህ ይመጣል። ሥርዓቱን አትርሳ፦ በስሙ ትጠራዋለህ፣ ወደ ቤት እንሂድ ትለዋለህ፣ ወንዝ ስትሻገር ወንዝ ልንሻገር ነው ትለዋለህ፤ በባቡሩም የራሱ ቲኬት ይኑረው። ቅርንጫፉን ከያዝክ በኋላ ቤት እስክትገባ ከሱ በቀር ከማንም ጋር አትነጋገርም።

ስለ አባባ ጤና ደግሞ አትጠይቀኝ። ና ብቻ።

ኖማጉጉ


ጆሃንስበርግ
ማርች 1918

ይድረስ ለእህት ዓለም ለኖማጉጉ፣

ስለ አባባ ጤና አትጠይቀኝ ብለሻል፤ አልጠየቅሁሽም።

ይህን ደብዳቤ፣ ቅርንጫፉን አድርሶልኝ የሚመለሰው ፒኬሌላ ቀድሞኝ ይዞላችሁ ይመጣል። እኔ ነገ ጠዋት ወደ ኮረብታው እወጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ለሰው የምናገረው ስለማይኖር ያለኝን ሁሉ ዛሬ ልበል። ትናንት ቦታውን አይቼው መጣሁ። ጆንያዎቹን ወስደዋቸዋል፤ የተንበረከክንበት ግን ሣሩ አሁንም እንደተኛ ነው። ሴኢሶም አብሮኝ ነበር። ነገም እመጣለሁ ብሏል፤ ራቅ ብሎ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆማል። «በኔ ላይ ነው ያነጣጠርከው፤ ሲመጣ መኖር አለብኝ» አለኝ። እኔም እሱን እንዳልቀላቅለው ቃል ገብቼለታለሁ።

ቲኬቱን ሁለት ቆረጥኩ። ሻጩ፣ «ሁለተኛው ለማን ነው?» አለኝ። ለአያቴ አልኩት። «ታዲያ የት አለ?» ሲለኝ ነገ ይመጣል አልኩት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው አንድም አልሳቀም።

ሥዕሉን ያነሱት ሰዎች ሲሄዱ ልብሱን ለልባሽ ነጋዴ ሸጠውት ኖሯል። ሴኢሶ ለብርዱ ብሎ አንዱን ኮት አስቀርቶት ነበር። ዛሬ ጠዋት አጣጥፎ አልጋዬ ላይ አኖረልኝ። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል፤ ክርኑም ላይ ተቀድዷል፤ ዱቄቴም ኮሌታው ላይ አለ። አላጠብኩትም። ቅርንጫፉን በሱ ጠቅልዬ አመጣዋለሁ።

እንግዲህ ስመጣ ሰላም አትበሉኝ። ከበሩ እስክገባ፣ ቅርንጫፉን ጓዳው ውስጥ አባቶች ከሚያርፉበት እስካኖረው ድረስ፣ አንቺም ሰላም አትበይኝ፣ አጎቶቻችንም፣ ልጆቹም። ብትሉኝም አልመልስም፤ ኩራት እንዳይመስላችሁ። እስከዛሬ በደብዳቤ የተለዋወጥነው ሰላምታ ለጊዜው ይበቃናል።

አባባን ግን በሩ ላይ አውጥተሽ አስቀምጪልኝ። መቀመጥ ካልቻለ ደግፊው። እኔን ይተወኝ፤ ሰላምታው ለአባቱ ይሁን። ፊቱን አያየውም። ኮቱን ግን ያየዋል። ቀይ ነው።

ምባንጌኒ